አባቴ የላኩልኝ ቪዲዮ እና አይፓክ፦ ተረቱ የት ያልቃል? እውነቱ የት ይጀምራል?

የአዘዞ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
እሑድ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ ሳወጣው ሳወርደው አንድ ሳምንት ሆነኝ።

አባቴ ጎንደር ይኖራሉ፤ 76 ዓመታቸው ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀኑን በስልክ ቪዲዮ ነው የሚገፉት። ባለፈው ሳምንት በቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን የአርባ ደቂቃ ቪዲዮ ላኩልን። ሮትስቻይልድ የሚባል የአይሁድ ቤተሰብ የዓለምን ባንኮች በሙሉ እንደያዘ፣ ሁለቱንም የዓለም ጦርነቶች እንዳስነሳ፣ ብሔራዊ ባንካችንም በእጁ እንደገባ ይተርካል። ወደ መጨረሻው የአሜሪካ ኮንግረስ ሕንፃ ይታይና «አይፓክ የሚባለው ድርጅት የዚሁ ስውር መንግሥት እጅ ነው» ይላል (አይፓክ ማለት በዋሽንግተን ስለ እስራኤል የሚወተውት «የአሜሪካ እስራኤል የሕዝብ ጉዳዮች ኮሚቴ» ነው)።

ደውዬ «አባዬ፣ ይህ ሁሉ ሐሰት ነው» አልኳቸው። እርሳቸውም ረጋ ብለው «አይፓክም የለም ነው የምትለኝ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። አይፓክ አለ። በምኖርበት አካባቢ በምርጫ ሰሞን ያወጣውን ገንዘብ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አልወደድኩትምም። አባቴ ዝምታዬን ሰምተው እንዳሸነፉ ቆጠሩት።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ስለ ሎቢው እውነቱን እየነገርኩ ተረቱን ደግሞ ሳልመግበው እንዴት ላስረዳቸው? (እኔ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ አንደናገርም።)

---

ተጠራጣሪው (አዲስ አበባ)
እሑድ፣ ከምሽቱ 3:42

ወንድሜ፣ አባትህን ለማረም አትቸኩል። ሰው ያለ ነገር አይታማም። በየአገሩ፣ በየዘመኑ፣ በየቋንቋው ስለ አንድ ሕዝብ ተመሳሳይ ነገር ሲነገር ከኖረ ሁሉም ተሳስቷል ልንል ነው? እኔ አይሁድን አልጠላም፤ የምንጸልይበት መዝሙረ ዳዊት የእነርሱ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ የጠየቀ ሰው ለምን ጠላት ተብሎ እንደሚፈረጅ አይገባኝም።

---

መምህር ከደሴ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4:55

ለተጠራጣሪው። «በየቋንቋው ተመሳሳይ ነገር ተነግሯል» ማለትህ ትክክል ነው። የተመሳሰለው ግን አንዱ ከሌላው ስለቀዳ ነው። ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ ከተማሪ ፈተና ላይ ኩረጃ የሚታወቀውም በዚሁ ነው፤ ስህተቱ ጭምር አንድ ዓይነት ይሆናል።

እስቲ አንዱን ሰነድ እንከተለው። የአይሁድ መሪዎች ዓለምን ለመግዛት ያሴሩበት ዕቅድ ነው ተብሎ የተሰራጨው «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የሚባለው ጽሑፍ መጀመሪያ የታተመው በ1903 በሴንት ፒተርስበርግ፣ ዝናሚያ በተባለ ጋዜጣ ላይ ነው። የጋዜጣው አሳታሚ ፓቬል ክሩሼቫን ይባላል። ይህ ሰው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በኪሺኔቭ ከተማ አይሁድ ሲጨፈጨፉ ሕዝቡን ሲቀሰቅስ የነበረው የሌላ ጋዜጣም ባለቤት ነው። በኪሺኔቭ 49 ሰዎች ተገደሉ። የቅስቀሳው መነሻ ደግሞ የአንድ ሕፃን መሞት ነበር፤ «አይሁድ ደሙን ለሥርዓታቸው ወሰዱት» ተባለ። ይህ የደም ክስ በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ከተማ በ1144 በሞተ ልጅ ስም ተጀምሮ አውሮፓን ሲዞር የኖረ ነው።

አሁን ወደ ሰነዱ ልመለስ። በ1921 ፊሊፕ ግሬቭስ የተባለ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጠኛ ኢስታንቡል ሆኖ አንድ አሮጌ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ እጁ ገባ። መጽሐፉን በ1864 የጻፈው ሞሪስ ዦሊ የተባለ ጠበቃ ነው። ሁለት የሞቱ ፈላስፎች በሲኦል ሲነጋገሩ እያሳየ የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊን ይሸነቁጣል። ስለ አይሁድ አንድም ነገር የለበትም። ግሬቭስ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳተመ። የ«ሽማግሌዎቹ» ምስጢራዊ ዕቅድ ከተባለው ብዙው አንቀጽ ከዦሊ የተገለበጠ ነበር! አንድ ጠበቃ በአንድ ንጉሥ ላይ የጻፈው ሽሙጥ ስሙ ተለውጦ የአንድ ሕዝብ ኑዛዜ ሆነ።

ይህ ከተጋለጠ መቶ ዓመት አልፎታል። አሜሪካዊው የመኪና አምራች ሄንሪ ፎርድ ከ1920 ጀምሮ በጋዜጣው ሲያሰራጨው ቆይቶ በ1927 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ናዚዎች ደግሞ ሐሰት መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ አሳትመው ተጠቀሙበት። ከዚያ የተከተለውን ታውቁታላችሁ፤ ስድስት ሚሊዮን ሰው።

የሮትስቻይልድ ነገርም እንዲሁ ነው። ቪዲዮው ናታን ሮትስቻይልድ ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሉን ጦርነት ውጤት ቀድሞ አውቆ የለንደንን ገበያ ጠቅልሎ ያዘ ሳይል እንደማይቀር እገምታለሁ። ናታን በ1815 ዋተርሉ አልነበረም፤ ለንደን ነበር። ታሪኩን ያሰራጨው በ1846 ፓሪስ ላይ «ሰይጣን» በሚል የብዕር ስም የወጣ በራሪ ጽሑፍ ነው። ናታን ያን ጊዜ ከሞተ አሥር ዓመት ሆኖታል። ብሔራዊ ባንካችን ደግሞ የመንግሥት ንብረት ነው፤ አባትህ ይህን አዋጁን ራሳቸው አንብበው ማረጋገጥ ይችላሉ።

---

የአምቦበሯ (አሽዶድ፣ እስራኤል)
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሳነብ አደርኩ። ጋሼ ስለ አውሮፓ ያስተማሩትን ለእርሳቸው ልተው። እኔ «ሰው ያለ ነገር አይታማም» በሚለው ላይ ነው መናገር የምፈልገው፤ ወንድሜ ተጠራጣሪው፣ ከጎንደር ሳንወጣ መልስ አለኝና።

አምቦበር ነው የተወለድኩት፤ ቤተ እስራኤል ነኝ። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ሲወጣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወንድ አያቴ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር። ሴት አያቴ ምጣድና እንስራ ትሠራ ነበር። ገበያ ሲወጡ ሰው ዕቃቸውን ይገዛል፤ ዓይናቸውን ግን ይሸሻል። እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ሕፃን ታመመ፣ ላም ነጠፈች፣ ሙሽራ አንገቷን ደፋች፤ ቡዳ በልቷቸው ነው። ቡዳውም ማን እንደሆነ አገር ያውቃል፦ ባለ እጁ፣ እሳት የሚያነደው፣ ቅዳሜን የሚያከብረው። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ።

ይህን ከወገራ እስከ ደንቢያ ሁሉም ይናገረው ነበር። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ቃል ይመሰክሩት ነበር። ወንድሜ፣ አንተ ባስቀመጥከው ሚዛን ከሄድን አያቴ ጅብ ነበር ማለት ነው።

አያቴ ጅብ አልነበረም። ሲያስል የሚያድር፣ እጁ በእሳት የተጠባበሰ ድሃ ሰው ነበር።

---

መምህር ከደሴ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:05

እህቴ፣ ከእኔ ረጅም ጽሑፍ ያንቺ አጭሩ ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የቤተ እስራኤል ሰዎች አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ የሆኑት በምርጫ አልነበረም። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይኖረው መታዘዙ ሲነገር የኖረ ነው። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሙያ ያድራል። ከዚያ ያ ሙያው ራሱ ይወቀስበታል።

በአውሮፓም አይሁድ በብዙ ቦታ መሬት እንዳይዙ፣ በእደ ጥበብ ማኅበራት እንዳይገቡ ተከለከሉ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ክርስቲያኑን ወለድ እንዳይበላ ከለከለችው። መኳንንቱ ብድር ስለሚፈልጉ የማበደሩን ሥራ ወደ እነርሱ ገፉት። ኋላ «ገንዘብ ወዳዶች» አሏቸው። እዚያ አራጣ አበዳሪው፣ እዚህ ቀጥቃጩ፤ ሰውን ወደ አንድ ጠባብ በር ነድቶ ማስገባትና በዚያ በር ስለገባ መክሰስ።

በ1348 ወረርሽኝ አውሮፓን ሲፈጅ «አይሁድ የውኃ ጉድጓድ መረዙ» ተባለ። አይሁዱም በዚያው በሽታ ይሞቱ ነበር። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ ስድስተኛ ይህንኑ ጠቅሰው ክሱ ሐሰት ነው ቢሉም ሰሚ አልነበረም፤ በ1349 የካቲት በስትራስቡርግ ከተማ አይሁዱን አቃጠሏቸው።

---

ተጠራጣሪው
ሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

እህቴ የአምቦበሯ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እናቴም እኔን በነጠላ ትሸፍነኝ ነበር። ከዚህ ጋር አያይዤ አስቤው አላውቅም ነበር።

ስለ ድሮው ዘመን የተነገረኝን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ጠያቂው ያነሳው የዛሬው ጉዳይ አልተመለሰም። አይፓክ ገንዘብ ያወጣል ወይስ አያወጣም? የሚቃወሙትን እንደራሴዎች ይጥላል ወይስ አይጥልም? ይህም ቡዳ ነው ካላችሁኝ ግን አልስማማም።

---

ድምጽ ሰጪ (ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48

ይህ ቡዳ አይደለም፤ ደረሰኝ ያለው ነገር ነው። በምርጫ ቅስቀሳ ውስጥ በፈቃደኝነት ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የማውቀውን ልዘርዝር።

አይፓክ በ1950ዎቹ ኢሳያስ ኬነን በተባለ ሰው ተመሠረተ፤ የአሁኑን ስሙን በ1959 ያዘ። የአሜሪካ ዜጎች ድርጅት ነው፤ የሚሰበስበውም ከአሜሪካውያን ነው። የውጭ መንግሥት ወኪሎች በሚመዘገቡበት በ1938ቱ ሕግ ያልተመዘገበውም በዚህ ምክንያት ነው። መመዝገብ አለበት ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ክርክሩ ሕጋዊ ክርክር ነው፤ ማንም ሊያነሳው መብቱ ነው። ለብዙ ዓመታት ለእጩዎች በቀጥታ ገንዘብ አይሰጥም ነበር። እንደራሴዎችን ያስረዳ፣ ረቂቅ ሕግ ላይ ይወተውት፣ ወደ እስራኤል ጉብኝት ያዘጋጅ ነበር። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከእጩዎች ጋር ሳይቀናጁ ለሚወጡ የምርጫ ወጪዎች በሩን ወለል አድርጎ ከከፈተ በኋላ የሁሉም ወገን ገንዘብ ጎረፈ። አይፓክም በ2021 መጨረሻ የራሱን የምርጫ ፈንድ አቋቁሞ በ2022 ወደ ውድድሩ ገባ።

እዚህ ሰፈሬ በ2022 በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ዶና ኤድዋርድስ ከግሌን አይቪ ጋር ተወዳደረች። ከአይፓክ ጋር የተያያዘው ዩናይትድ ዴሞክራሲ ፕሮጀክት የተባለው ፈንድ እርሷን ለመጣል ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ቴሌቪዥን በከፈትኩ ቁጥር ማስታወቂያው ይመጣ ነበር። ማስታወቂያው ስለ እስራኤል አንድ ቃል አይናገርም! የሚናገረው እንደራሴ በነበረችበት ጊዜ የወረዳዋን ሕዝብ ችግር ችላ ብላለች እያለ ነው። ያናደደኝ ይህ ነው። የምትታገልለትን ዓላማ ደብቀህ በሌላ ወሬ ሰው ማስወደቅ መራጩን ማክበር አይደለም። ይህን በአደባባይ እናገራለሁ፤ ስናገርም ማንም ጸረ አይሁድ ሊለኝ አይችልም፤ ምክንያቱም የተናገርኩት ስለ አንድ ድርጅት፣ ስለ አንድ ምርጫ፣ ስለ አንድ ማስታወቂያ ነው።

በ2024 ያው ፈንድ ኒው ዮርክ ላይ ጀማል ቦውማንን ለመጣል ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ሚዙሪ ላይ ኮሪ ቡሽን ለመጣል ከ8 ሚሊዮን በላይ አወጣ። ሁለቱም ወደቁ። ገንዘቡ ከባድ ነበር። ሁለቱም ግን ሌላ ችግርም ነበረባቸው፤ የቦውማን ተፎካካሪ በአካባቢው ለዓመታት የታወቀ ባለሥልጣን ነበር።

አሁን ቪዲዮው የማይነግራቸውን ለአባትህ ንገራቸው፦ አይፓክ ይሸነፋል። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን የስለላ አውሮፕላኖችን ጨምሮ 8.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ ለሳዑዲ ዓረቢያ ሊሸጥ ሲል አይፓክ ባለ በሌለ ኃይሉ ተቃወመ። ሴኔቱ 52 ለ48 አሳለፈው። በ2015 የኢራንን የኑክሌር ስምምነት ለማክሸፍ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ፈሰሰ፤ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ራሱ ኮንግረስ ፊት ቆሞ ተናገረ፤ ስምምነቱ ግን ያን ጊዜ በኮንግረስ አልከሸፈም። በ2022 በፒትስበርግ ሰመር ሊ ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ወጥቶ እርሷ አሸነፈች።

ዓለምን የሚገዛ ስውር መንግሥት በአራት ድምፅ ልዩነት አይሸነፍም። የሚሸነፍ ነገር የሰው ሥራ ነው፤ የሰው ሥራ ደግሞ ይተቻል፣ ይመረመራል፣ በሕግ ይገደባል። የጠቀስኳቸው የምርጫ ወጪዎች ሁሉ በፌደራል ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ናቸው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልተው። በዚያው በ2024 የክሪፕቶ ገንዘብ ባለሀብቶች ፈንድ ካሊፎርኒያ ላይ ኬቲ ፖርተርን ለመጣል ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ ወደቀች። የእነዚያን ባለሀብቶች ዘርና ሃይማኖት የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

---

ለምለም (ለንደን)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

ድምጽ ሰጪ ያለው ሁሉ ይገባኛል፤ አንድ ነገር ግን ተዘልሏል። ጋዛ ውስጥ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል፤ ሕፃናት ሞተዋል። ስለዚህ ስናገር በሥራ ቦታዬ «ተጠንቀቂ፣ ጸረ ሴማዊ ትባያለሽ» ተብዬአለሁ። የተናገርኩት ስለ ቦምብ ነው፤ ስለ አይሁድ ምንም አላልኩም። ቃሉ ሰውን ዝም ማሰኛ ሲሆን ያ ደግሞ ሌላ በደል ነው። አሜሪካ በ2016 በተፈረመ ስምምነት ለአሥር ዓመት 38 ቢሊዮን ዶላር ወታደራዊ እርዳታ ለእስራኤል ትሰጣለች፤ ይህ ለምን ሆነ ብሎ መጠየቅ የሞራል ግዴታ ነው።

የአሜሪካ ኮንግረስ አባሏን ኢልሃን ኦማርን አስታውሱ። በ2019 የካቲት «ነገሩ ሁሉ የመቶ ዶላር ኖት ጉዳይ ነው» የሚል ትርጉም ያለው አንድ አጭር መልእክት ጻፈች፤ ዓለም ተነሳባት። ሴትዮዋ ጥቁር፣ ስደተኛ፣ ሙስሊም ባትሆን ኖሮ ያን ያህል ይጮኹባት ነበር?

---

የአምቦበሯ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:45

ለምለም እህቴ፣ ስለ ጋዛ ሕፃናት ያለቀስሽውን ልቅሶ እኔም አልቅሼዋለሁ። በዚህ አገር እየኖርኩ፣ የወንድሜ ልጅ ወታደር ሆኖ እያለ አልቅሼዋለሁ። መንግሥታችንን መቃወም ጥላቻ ነው የሚልሽ ሰው ካለ፣ እዚህ ቴል አቪቭ አደባባይ በየሳምንቱ ይወጣ የነበረውን ሕዝብ አላየም። ኒው ዮርክም በ2023 ጥቅምት ትልቁን የባቡር ጣቢያ ሞልተው ጦርነቱ ይቁም ያሉት አይሁዶች ናቸው።

በኢልሃን ኦማር ጉዳይ ግን ከአንቺ እለያለሁ። ስለ አይፓክ ብዙ ማለት ትችል ነበር፤ ድምጽ ሰጪ ትናንት እንዳለው ሁሉ ስም፣ ቁጥር፣ ቀን ጠቅሳ። እርሷ ግን «ሁሉም ገንዘብ ነው» አለች። አይሁድና ገንዘብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲታሰሩ የድሮው እባብ ይነቃል። ራሷም በማግስቱ ይቅርታ ጠይቃለች፤ የአይሁድ ወዳጆቼ ስለዚህ አስተማሩኝ ብላለች፤ ይህን አከብርላታለሁ። በእርሷ ላይ የወረደው ጩኸት በቆዳዋና በሃይማኖቷ ምክንያት ከልክ አልፏል የምትይው ደግሞ ልክ ነሽ። ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ነው።

ሰው ጅብ ነው ከተባልኩበት አገር መጥቼ፣ በ1996 ደግሞ እዚህ እስራኤል ውስጥ የሰጠነው ደም በሽታ ይኖርበታል ተብሎ በድብቅ ሲደፋ እንደኖረ ሰማሁ። እናቴ ደሟን ከሰጡት አንዷ ነበረች። በአይሁድ አገር፣ አይሁድ ሆነን! ስለዚህ ማንንም ከወቀሳ ነጻ ለማውጣት አይደለም የምጽፈው። ወቀሳው አድራሻ ይኑረው ነው የምለው።

---

አወያይ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:00

አንድ አስተያየት አጥፍተናል። ጽሑፉ በክሩ ላይ የተሳተፈችን ሴት በዘሯ ሰድቧል። ጸሐፊው ለአንድ ወር ታግዷል። ውይይቱ ይቀጥል።

---

አገልጋይ ከሐዋሳ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:12

አንድ የተረሳ ወገን ላንሳ፤ እኔ የወንጌል አማኝ ስለሆንኩ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል። በአሜሪካ ትልቁ የእስራኤል ደጋፊ ሕዝብ አይሁድ አይደለም። አይሁድ ከአሜሪካ አዋቂዎች 2.4 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም ለዴሞክራቶች ነው ድምፅ የሚሰጡት። እስራኤልን ሳይጠይቁ የሚደግፉት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ናቸው። ጆን ሄጊ የተባሉ ፓስተር በ2006 ቴክሳስ ውስጥ «ክርስቲያኖች ለእስራኤል» በሚል የመሠረቱት ድርጅት ከአሥር ሚሊዮን በላይ አባላት አሉኝ ይላል። የሚያንቀሳቅሳቸው ዘፍጥረት 12፥3 ነው፦ «የሚባርኩህንም እባርካለሁ»። አይሁዶች ውስጥ ደግሞ እንደ ጄ ስትሪት ያሉ፣ አይፓክን የሚቃወሙ ሎቢዎችም አሉ።

እኛም አገር ቤት በየመድረኩ የእስራኤልን ባንዲራ እናውለበልባለን፤ ያው ሰው ማታ «ዓለምን የሚገዙት አይሁድ ናቸው» የሚል ቪዲዮ ያጋራል። ይህን በገዛ ጉባኤዬ አይቻለሁ፤ በእጅጉም ያሳስበኛል። ሕዝቡን እንደ ትንቢት ምልክት እንጂ እንደ ጎረቤት ስለማናየው ይመስለኛል። ጎረቤት ግብር ይከፍላል፣ ልጁ ይታመማል፣ ከሚስቱ ጋር ይጣላል። ምልክት ግን ወይ ይመለካል ወይ ይፈራል።

---

የአርሊንግተኗ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

እኛ የሎቢን ነገር ከሩቅ የምናየው አስመስለን መጻፋችን ይገርመኛል። በ2018 ሚያዝያ 10 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ያወጣውን «ኤች አር 128» የሚባለውን የውሳኔ ሐሳብ ያስጸደቀው ማን ነው? በየቢሮው እየዞርን በር ያንኳኳነው እኛ ነን። የያኔው መንግሥት ደግሞ ከ2017 ጀምሮ በወር 150 ሺህ ዶላር እየከፈለ የዋሽንግተን ወትዋች ቀጥሮ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ኢትዮጵያውያን የሕዝብ ጉዳዮች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ስሙ ከማን እንደተቀዳ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2021 በቨርጂኒያ ምርጫ በባይደን ፖሊሲ ተቆጥተን ለገዥነት የተወዳደረውን ሪፐብሊካን ያንግኪንን ደገፍን፤ እርሱም አሸነፈ። የትግራይ ተወላጆችም በበኩላቸው በዚያው ኮንግረስ በር ላይ ቆመው ይወተውቱ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነጭ ጎረቤቴ «አንቺ ለአሜሪካ ነሽ ወይስ ለኢትዮጵያ?» አለኝ። ደሜ ፈላ። አይሁድ ጎረቤቶቻችን ይህን ጥያቄ መቶ ዓመት ሲጠየቁት ኖረዋል።

---

የአምቦበሯ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

የአርሊንግተኗ ስለ ውትወታ ካነሳች እኔም ልናገር። አጎቴ በ1985 መጀመሪያ ሱዳን ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነበር። ቤተ እስራኤልን ከሱዳን በድብቅ ወደ እስራኤል ያወጣ የነበረው የሙሴ ዘመቻ ወሬው ስለወጣ ተቋርጦ፣ ሰው በረሃብና በበሽታ ያልቅ ነበር። የአሜሪካ አይሁድ ማኅበራት፣ ለእኛ ጉዳይ ብቻ የተቋቋመውም ጭምር፣ ኮንግረስን ጨቀጨቁ። መቶውም ሴናተሮች ለሬገን በተላከው ደብዳቤ ላይ ፈረሙ። በመጋቢት የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ሱዳን ገብተው 500 ያህል ሰው አወጡ። አጎቴ ከእነርሱ ውስጥ ነበር። ያም ሎቢ ነበር።

---

ከካኩማ እስከ ኮሎምበስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:50

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምጽፈው። ኮሎምበስ ኦሃዮ ስደርስ አውሮፕላን ጣቢያ የጠበቁኝ ከሂያስ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ሂያስ አይሁዶች ለራሳቸው ስደተኞች የመሠረቱት ድርጅት ነው፤ አሁን ማንኛውንም ስደተኛ ይረዳል። ብርድ ልብስና ድስት ሰጡኝ። ሃይማኖቴን አልጠየቁኝም።

በ2018 ጥቅምት 27 አንድ ሰው ፒትስበርግ ውስጥ ትሪ ኦፍ ላይፍ በተባለው ምኩራብ ገብቶ 11 ሰው ገደለ። ከመግባቱ በፊት በኢንተርኔት የጻፈው ስለ ሂያስ ነበር፤ «ወራሪዎችን ወደ አገራችን ያመጣሉ» ብሎ። አይሁድ ነጮችን በስደተኛ ሊተኩ ያሴራሉ የሚለውን ወሬ አምኖ። ወራሪ የተባልኩት እኔ ነኝ። በእኔ ምክንያት አዛውንቶች በጸሎት ላይ ተገደሉ። የአባትህ ቪዲዮና የዚያ ሰው ጽሑፍ ከአንድ ጉድጓድ የተቀዱ ናቸው። አባትህን ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም።

---

ተጠራጣሪው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:40

አንብቤዋለሁ። ቪዲዮውን እኔም ለሁለት ቡድኖች አጋርቼው ነበር። ዛሬ ጠዋት አጥፍቼ ለምን እንዳጠፋሁት ጽፌያለሁ። አንዱ ቡድን ሰድቦኛል። ስለ ምርጫ ገንዘብ ያለኝ ቁጣ ግን አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

---

የአዘዞ ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2:25

ዛሬ ደወልኩላቸው። ከአይፓክ ጀመርኩ፤ አለ አልኳቸው። ስለ 6 ሚሊዮኑ፣ ስለ ማስታወቂያው፣ ስለ 52 ለ48ቱ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «ታዲያ ይሸነፋል እንዴ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ስለ ጠበቃው ዦሊና ስለ ግልባጩ ስነግራቸው ግን ብዙም አልገረማቸው፤ «የፈረንጅ ነገር» ብለው አለፉት።

ከዚያ የአምቦበሯ የጻፈችውን አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባዬ?» አልኩ። «አለሁ» አሉ። ቆይተው አያቴ ወለቃ እየሄደች ምጣድና ጀበና ከቤተ እስራኤል ሴቶች ትገዛ እንደነበር ነገሩኝ። እርሳቸውን ከመንደሩ በታች ካለው ዛፍ ሥር አስቀምጣ፣ ፊታቸውን በኩታ ሸፍና ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ኩታውን ገልጠው አዩ። አንዲት ሴትዮ ጭቃ እያቦካች ትዘፍን ነበር። «ለእናቴ አላየሁም አልኳት» አሉኝ። ስለ ቪዲዮው ከዚያ በኋላ ምንም አላነሱም።

እህቴ የአምቦበሯ፣ ሰላም በይልኝ ብለውሻል። ዘመዶችሽ ወለቃ ነበሩ ወይ ብለው ጠይቀዋል።

---

የአምቦበሯ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3:02

የእናቴ እኅት ወለቃ ነበረች። ጀበና ትሠራ ነበር፤ ስትሠራም ትዘፍን ነበር፤ ግን ሁሉም ይዘፍኑ ነበር። ለአባትህ ዓመቱን ጠይቅልኝ።